ከእንዶድ አረፋ እስከ ሳይንሳዊ ማስረጃ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ የምርምርና የማስተማር ዘመን

በኢትዮጵያ የሕክምና ሳይንስ ታሪክ ውስጥ የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም ያህል ከአንድ ተክል ስም ጋር ተቆራኝቶ የሚነሣ ስም ማግኘት ያስቸግራል። የእንዶድ ነገር በተነሣ ቁጥር አክሊሉ ይነሣሉ፤ አክሊሉም በተነሡ ቁጥር እንዶድ ይከተላል። ታሪኩ ሲተረክ በአብዛኛው የሚጀመረው ከወንዝ ዳር ነው፤ የሚያበቃውም እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ወጣቱ ሳይንቲስት የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ፣ ምክንያቱን ጠየቁ፣ መልሱንም አገኙ ተብሎ ይዘጋል። ነገሩ እንዲህ ባጭሩ ሲነገር ግን የሳይንስ ሥራ የአንድ ቀን ዕድል መስሎ ይታያል። የዶክተር አክሊሉ የሥራ ዘመን የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። ነገሩን ለማየት የአንድ ጊዜ የመስክ ሥራ በቅቷል፤ የታየው ነገር እውነት፣ ጠቃሚና ጉዳት የለሽ መሆኑን ለማስረዳት ግን ከ25 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ለሙያው ባልደረቦች ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠውም ይኸው ረጅሙ የታሪኩ ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በሽታውና የመተላለፊያው መንገድ

ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ውስጥ አስከሬን ሲመረምር ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሸጋገር ግን ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቷል። በ1913 ጃፓናውያኑ ሚያይሪና ሱዙኪ በአገራቸው በሚገኘው የትሉ ዝርያ፣ በ1915 ደግሞ ብሪታንያዊው ሮበርት ላይፐር በግብፅ ባደረጉት ምርምር ምስጢሩ ተገለጠ። ትሉ ዕድገቱን ለመፈጸም በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ማለፍ ግድ ይለዋል።

የበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ከውሃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው እንቁላል ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ለእርሱ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ በሰዓታት ጊዜ ውስጥ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ይራባል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከአንድ እጭ የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። እነዚህም ውሃ ሊቀዳ፣ ልብስ ሊያጥብ፣ ሊዋኝ ወይም መስኖ ሊያጠጣ ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሺስቶሶማ ማንሶኒ ሲሆን፣ ዋናው ተሸካሚውም ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ የተባለው ቀንድ አውጣ ነው። በሽታው ሰውን ወዲያውኑ አይጥልም፤ በልጅነት ይገባና ለዓመታት በጉበትና በአንጀት ላይ ጉዳት እያደረሰ ዕድገትንና የሥራ ጉልበትን ይቀንሳል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሐኪሞች እጅ የነበረው መድኃኒት በአብዛኛው ከአንቲሞኒ የተቀመመ ነበር። ይህም በተደጋጋሚ በደም ሥር የሚሰጥና ልብን ጨምሮ በልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ስለነበረ፣ ለአንድ ከተማ ሕዝብ በሙሉ ሊታደል የሚችል አልነበረም። ቢታከምም እንኳ ሰው ወደዚያው ወንዝ መመለሱ ስለማይቀር በሽታው እንደገና ይይዘው ነበር። በመሆኑም በዘመኑ የነበሩት ባለሙያዎች ትኩረት ያረፈው የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት በሆነው በቀንድ አውጣው ላይ ነበር። ቀንድ አውጣ የሚገድሉ የፋብሪካ ኬሚካሎችም ነበሩ። ዳሩ ግን እነዚህ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙና ዘወትር መረጨት ያለባቸው በመሆናቸው፣ በሽታው የጸናባቸው አገሮች በራሳቸው ገንዘብ ሊዘልቁባቸው የሚችሉ አልነበሩም።

አድዋ፣ 1964

በ1935 የተወለዱት አክሊሉ ለማ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ገና በምሥረታ ላይ በነበረበት ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፍቶ፣ በ1961 ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃልሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትም መታተም የጀመረው በ1962 ነው። የአገሪቱ በሽታዎች በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ተሸካሚ እንደሚተላለፉ በአገሬው ባለሙያ ተጠንቶ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ወጣቱ ምሁር ሥራቸውን የጀመሩት ይህን ባዶ ስፍራ በመሙላት፣ ማለትም ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚገኙ በመስክ እየተዘዋወሩ በመመዝገብ ነበር።

በ1964 አድዋ ላይ ይህንኑ ሥራ በማከናወን ላይ ሳሉ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው መታየታቸውን አስተዋሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እንዶድ፣ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ የሚባለው ተክል፣ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲመታ አረፋ የሚያወጣ ሲሆን፣ ነጠላና ጋቢን በማንጻት ከፋብሪካ ሳሙና በፊት ለብዙ ዘመናት ሲያገለግል የኖረ ነው።

የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የውሃው መቆሸሽ፣ የሙቀቱ ሁኔታ ወይም ሌላ ነገር ሊገድላቸው ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹም ወዲያው ተኮማትረው ሞቱ። በወንዝ ዳር የተደረገችው ይህች ቀላል ሙከራ ከተራ ትዝብት የምትለየው ከላይኛው ውሃ ጤነኛ የሆኑትን ለይታ፣ አንድን ነገር ብቻ ጨምራ ውጤቱን በማየቷ ነው። ማንኛውም የቤተ ሙከራ መምህር ለተማሪው የሚያስረዳው የማነጻጸር ሥርዓት በዚያች ዕቃ ውስጥ ነበረ።

ከአስተያየት ወደ ልክ

ቀጣዩ ሥራ የተከናወነው በቤተ ሙከራ ነበር። ስንት እንዶድ በስንት ውሃ ሲበጠበጥ፣ በምን ያህል ሰዓት፣ ከመቶ ስንቱን ቀንድ አውጣ ይገድላል? ፍሬው፣ ቅጠሉና ሥሩ እኩል ኃይል አላቸውን? ውሃው ውስጥ ኃይሉ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተገኘው የመጀመሪያ መልስ በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ እንደ ቅድሚያ ሪፖርት ሆኖ ወጣ። የሰፋው የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤት ደግሞ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ታተመ። ከፍተኛው ኃይል የሚገኘው በፍሬው ውስጥ መሆኑ፣ ጥቂት መጠን ያለው የፍሬው ዱቄት ብዙ ውሃን ለማከም መብቃቱና ኃይሉም በቀናት ውስጥ በውሃው ተፈጥሯዊ ሂደት ተበታትኖ የሚጠፋ መሆኑ ተረጋገጠ። የመጨረሻው ነጥብ ሁለት ገጽታ አለው። ንጥረ ነገሩ በውሃ ውስጥ ተከማችቶ አለመቅረቱ ለአካባቢው ደኅንነት መልካም ሲሆን፣ በአንጻሩ መርጨቱን በየጊዜው መደጋገምን ግድ ያደርጋል። በተጨማሪም እንዶድ ዐዋቂውን ቀንድ አውጣ ቢገድልም እንቁላሉን የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው፤ ዓሣንም ይጎዳል። እነዚህ ጉድለቶች በተመራማሪዎቹ ጽሑፎች ውስጥ ሳይደበቁ ቀርበዋል።

የፍሬው ኃይል በየትኛው ንጥረ ነገር ላይ እንደሚገኝ የማወቁ ሥራ በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በኬሚስቶች ተካሂዶ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ውጤቱ በተከታታይ ታትሟል። ንጥረ ነገሮቹ ሳፖኒን ከሚባሉት፣ አረፋ ከሚያወጡ የተክል ውሁዶች ወገን ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ሌማቶክሲን የተባለው በዶክተር አክሊሉ የአባት ስም ተሰይሟል።

በዚህ ረገድ ኋላ በ1980ዎቹ የተገኘው ዕውቀት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በደረቁ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ የሚገኘው በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበት ኃይሉን አጥቶ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለው ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ንጥረ ነገር የሚፈጠረውም ያን ጊዜ ነው። በቤተ ሙከራ ልማድ መሠረት በአልኮል የተጨመቀ ፍሬ ግን ይህ ለውጥ ስለማይደርስበት ቀንድ አውጣን ለመግደል ያለው ኃይል እምብዛም ነው። ስለዚህ ሙቀጫና ቀዝቃዛ ውሃ የሚጠይቀው የእናቶች አሠራር ሳይንሱ ሊያሻሽለው የሚገባ ኋላ ቀር ዘዴ ሳይሆን፣ ትክክለኛው የአዘገጃጀት ሥርዓት ሆኖ ተገኝቷል።

ኢንስቲትዩቱና ትምህርቱ

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው ለ10 ዓመታት ያህል በዳይሬክተርነት መርተዋል። ከእንዶድ ግኝት ይልቅ ለአገሪቱ ሳይንስ ሰፊ መሠረት የጣለው ይኸው ተግባር ነው ለማለት ይቻላል። በዘመኑ ከውጭ የመጡ የምርምር ቡድኖች ናሙና ሰብስበው ወደየአገራቸው በመመለስ የሚጽፉበት ልማድ የተለመደ ነበር። የኢንስቲትዩቱ መቋቋም በአገሪቱ ጥገኛ ተሐዋስያን፣ በተሸካሚዎቻቸውና በአተላለፋቸው ላይ የሚደረገው ምርምር ቋሚ ቤት፣ ቋሚ ሠራተኛና ቋሚ መዝገብ እንዲኖረው አስችሏል።

የኢንስቲትዩቱ ሥራ በእንዶድ አልተወሰነም። በ1969 ዶክተር አክሊሉ ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ስለሚገኘው ቁንጭር፣ ማለትም ስለ ቆዳ ሌይሽማንያ አተላለፍ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳትመዋል። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ሌሎች ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት ሽኮኮ የዚህ ተሐዋሲ ማደሪያ፣ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ አስተላላፊው መሆኑ ታውቋል። ዶክተር አክሊሉ በዚያው በ1969 በአዋሽ ሸለቆ ስላለው ቢልሃርዝያ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከበሽታው ወቅታዊ ስርጭት ባሻገር ወደፊት ሊያስከትል የሚችለውን የኢኮኖሚና የሕዝብ ጤና ችግር መርምረዋል። የመስኖ ቦዮች ሲበዙ፣ ለስኳርና ለጥጥ እርሻ ሠራተኛ ከየቦታው ሲሰበሰብ፣ ለቀንድ አውጣውም ለትሉም ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል። የልማት ሥራና የበሽታ ቁጥጥር አብረው ካልታቀዱ አንዱ ሌላውን እንደሚያጠፋ የሚያመለክተው ይህ አስተሳሰብ በኋለኞቹ ዓመታት በብዙ የአፍሪካ ግድቦች ላይ እውነትነቱ ታይቷል።

በእንዲህ ዓይነቱ ተቋም ውስጥ ማስተማርና መመራመር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች አልነበሩም። ቀንድ አውጣን ከነዝርያው መለየት፣ በዓይነ ምድር ናሙና ውስጥ እንቁላል መቁጠር፣ የወንዝን ፍሰት መለካትና የመንደርን ሕዝብ መመዝገብ የሚለመዱት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የመስኩ ሥራ እነዚህን ሙያዎች የሚያውቁ ረዳቶችንና ወጣት ተመራማሪዎችን ማፍራትን ግድ ይል ነበር። በአድዋ ለ5 ዓመታት የተካሄደው ታላቅ ሙከራም ሊፈጸም የቻለው እነዚህ ሰዎች በመኖራቸው ነው።

የአድዋው ሙከራ

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ የተካሄደው ጥናት የተነሣበት ጥያቄ ግልጽ ነበር። በእንዶድ ብቻ ወንዞቹን በየጊዜው በማከም፣ ለሕዝቡ መድኃኒት ሳይታደል፣ የበሽታውን መተላለፍ መቀነስ ይቻላልን? የአካባቢው ሰው የሚያውቀው ፍሬ ተሰብስቦ፣ ተፈጭቶ፣ ከወንዞቹ ጋር ተቀላቀለ። የቀንድ አውጣው ብዛትና የሕዝቡ የበሽታ መጠን በየጊዜው ተመዘገበ።

ጥናቱ ሲጀመር ከሕዝቡ ከመቶ 63 የሚሆነው በቢልሃርዝያ የተያዘ ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ይህ ቁጥር ወደ 33 ወረደ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑት ሕፃናት ዘንድ ግን ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። ለአንድ የበሽታ አተላለፍ ባለሙያ ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የቢልሃርዝያ ትል በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ዛሬ በሽታው የተገኘበት ዐዋቂ ሰው ምናልባት ወንዙ ከመታከሙ በፊት የተያዘ ሊሆን ይችላል። ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ የተወለደ ሕፃን ግን የቆየ በሽታ ሊኖርበት አይችልም። በሕፃናቱ ላይ የታየው መቀነስ አዲስ መተላለፍ መመናመኑን በቀጥታ ያመለክታል።

በሙከራው ወቅት ሥራ ላይ የዋለው እንዶድ ከዱር የተሰበሰበ ነበር። የዱር ፍሬ ደግሞ ኃይሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ምርቱም ከዓመት ዓመት አይተማመንም። በዚህ ምክንያት ምርምሩ ወደ እርሻ ሳይንስ ተሻገረ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ከ60 በላይ የእንዶድ ዓይነቶችን በማሰባሰብ፣ በኃይላቸው፣ በምርታቸውና በሽታን በመቋቋም ችሎታቸው አነጻጽረው ምርጦቹን ለዩ። ከእነዚህም መካከል ዓይነት 44 የሚባለው ለማልማት ከተመረጡት ዋነኛው ሆነ። አንድ የወንዝ ዳር አስተያየት ጥገኛ ተሐዋስያንን ከሚያጠና ሰው ወደ ኬሚስት፣ ከኬሚስትም ወደ እርሻ ባለሙያ የተሸጋገረው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ነው።

የማስረጃ ጥያቄ

ይህ ሁሉ ከተከናወነ በኋላ እንዶድ ወዲያው በስፋት ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ ሌሎች ገንዘብ ሰጪዎች ተክሉ ዓለም አቀፍ ደንብን በተከተለ የመርዛማነት ምርመራ እስኪያልፍ ድረስ ለሰፊ አገልግሎት ሊደግፉት አልቻሉም።

ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም። ሕዝብ በሚጠቀምበት ውሃ ውስጥ የሚጨመር ማንኛውም ነገር በሰው፣ በከብትና በሰብል ላይ የሚያስከትለው ጉዳት መመርመር አለበት። እናቶች ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት ኖረዋል ማለት ለዚህ የተሟላ መልስ አይሆንም፤ እንዶድ ከመጠን በላይ ሲጠጣ ሰውን እንደሚጎዳም በአገሬው ዘንድ የታወቀ ነው። ችግሩ ምርመራውን ማን ይሠራዋል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍነዋል የሚለው ነበር። የፋብሪካ ኬሚካል ሲሆን ምርመራውን የሚከፍለው ከሽያጩ ትርፍ የሚጠብቀው ኩባንያ ነው። በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል ተክል ግን እንዲህ ያለ ባለቤት የለውም። ማንም ድሃ ገበሬ ሊያለማው መቻሉ፣ ማለትም ዋናው ጥቅሙ፣ ለምርመራው ከፋይ ያሳጣው ምክንያትም ሆነ። በዓለም አቀፍ ደንብ ዕውቅና ያለው የመርዛማነት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ አለመኖሩ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ዶክተር አክሊሉ በኋለኞቹ ዓመታት በአደባባይ ያነሡት የነበረው ቅሬታ ከዚህም ያልፋል። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በሌላ ስፍራ ካልተደገመ በቀር እንደ ውጤት አለመቆጠሩን፣ ለመድገሚያውም ገንዘብ አለመመደቡን አጥብቀው ተናግረዋል።

ነገሩን ወደፊት ለመግፋት የተመረጠው መንገድ የአፍሪካን ተመራማሪዎች ማስተባበር ነበር። በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ በምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናቶች ተካሂደው፣ የደረሱበትን ውጤት የያዙ መጻሕፍት ታትመዋል። በካናዳው የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው የደኅንነት ምርመራም ውጤት በ1991 ታትሞ ወጣ። በዚህም መሠረት እንዶድ ዓይንን የማስቆጣት ጠባይ ያለው በመሆኑ ጥንቃቄ ቢያስፈልገውም፣ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት ለሚውልበት አገልግሎት አስጊ የሆነ መርዛማነት እንደሌለው ተገለጠ። ከወንዝ ዳሩ ሙከራ እስከዚህ ውጤት ድረስ 27 ዓመታት አልፈዋል።

ሽልማትና ባለቤትነት

ዶክተር አክሊሉ ከኢንስቲትዩቱ ኃላፊነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገልግለዋል። በጣሊያን በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። ለእንዶድ ምርምራቸው በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በጋራ፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ሽልማቱ ለሁለቱ በአንድነት መሰጠቱ ተገቢ ነበር፤ የቀንድ አውጣው ጥናት ያለ እርሻው ጥናት ከቤተ ሙከራ ደጃፍ አይወጣም ነበርና።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የሜዳ አህያ መስል በመባል የሚታወቅ፣ ከአውሮፓ የገባ ባለ ዛጎል እንስሳ ተባዝቶ የውሃ ቧንቧዎችን መድፈን ጀመረ። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዶክተር አክሊሉ ጋር በመተባበር እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ለዚሁ አጠቃቀም የተሰጠው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። የአጠቃቀሙ ዘዴ አዲስ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን መነሻው የኢትዮጵያውያን እናቶች ዕውቀትና በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ የተሠራ ምርምር ሆኖ ሳለ፣ ሕጋዊው መብት በባሕር ማዶ ተቋም እጅ መግባቱ ሰፊ ክርክር አስነሥቷል። ለድሆች ወንዝ ከፋይ ያጣው ተክል ለባለጸጎቹ ቧንቧ ሲሆን ባለቤት ማግኘቱ የዚህ ታሪክ አሳዛኝ ገጽታ ነው።

ከዚያ ወዲህ

በዚህ መሐል የበሽታው ሕክምና ተለውጧል። በ1970ዎቹ የተገኘው ፕራዚኳንቴል በአፍ የሚወሰድ፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያድንና ከቀድሞዎቹ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ መድኃኒት ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የዓለም አቀፉ የቁጥጥር ስልት ከቀንድ አውጣው ወደ መድኃኒቱ አዘነበለ፤ ለእንዶድ የሚሰጠውም ትኩረት በዚያው መጠን ቀነሰ። የደኅንነት ምርመራው በተጠናቀቀበት ጊዜ ጥያቄውን ያቀረበው ዓለም ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር ማለት ነው። በ27 ዓመት ፈንታ በ10 ዓመት ውስጥ ማስረጃው ተሟልቶ ቢሆን ኖሮ የእንዶድ ዕድል ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ይሁንና መድኃኒት ብቻውን በሽታውን እንደማያጠፋ ውሎ አድሮ ታይቷል። ትሉ የሞተለት ሕፃን ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2012 ቢልሃርዝያን ለማስወገድ ባሳለፈው ውሳኔ ከመድኃኒቱ ጋር የንጹሕ ውሃ፣ የመጸዳጃና የቀንድ አውጣ ቁጥጥርም እንዲታሰብበት ጠይቋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 በቀንድ አውጣ መግደያዎች የመስክ አጠቃቀም ላይ አዲስ የሥራ መመሪያ አውጥቷል። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሥራች ከ50 ዓመት በፊት ያነሡት ጥያቄ በዚህ ሁኔታ ተመልሶ መጥቷል፤ በመስኩ በዋናነት የሚሠራበት ግን ኒክሎሳማይድ የተባለው የፋብሪካ ኬሚካል ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ ወር 1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩትም ከጊዜ በኋላ በስማቸው ተሰይሟል።

ከዚህ የሥራ ዘመን ለሙያው ባልደረቦች የሚተርፍ አንድ ተጨባጭ ነገር ቢኖር የ1965ቱ ሪፖርት ነው። ጥቂት ገጾች ብቻ የነበሩት ያ ጽሑፍ የወጣው ገና ከተጀመረ 3 ዓመት በሆነው የአገር ውስጥ መጽሔት ላይ ነበር። ጽሑፉ ያልተሟላ መሆኑን ርዕሱ ራሱ፣ ቅድሚያ ሪፖርት በማለት ያሳውቃል። ኋላ ስለ ንጥረ ነገሩ፣ ስለ ባለቤትነቱ፣ ስለ ደኅንነቱ የተነሣው ክርክር ሁሉ ከባድ ቢሆንም፣ የእንዶድን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል መጀመሪያ ማን፣ የትና መቼ እንዳጠናው አከራክሮ አያውቅም። ይህን ጥያቄ የዘጋው ያ አጭር ጽሑፍ ነው። በየጤና ጣቢያው፣ በየቤተ ሙከራውና በየመስኩ የሚታዩ ነገሮች በማስታወሻ ደብተር ውስጥ ብቻ ሲቀሩ፣ ባለሙያው ጡረታ ሲወጣ ደብተሩም አብሮ ይወጣል። ልኩ ተለክቶ፣ ጉድለቱ ተገልጾ፣ በአገር መጽሔት የታተመ ትንሽ ሪፖርት ግን ሌላው ተመራማሪ ሥራውን ከዚያ እንዲቀጥል ያስችለዋል። ኬሚስቶቹም ሆኑ የእርሻ ባለሙያዎቹ፣ የአድዋውም ሙከራ የተነሡት ከዚያው ነበር።